ከቤቱ ቁልፍ በፊት የክፍሉ ወንበር

እስቲ ዛሬ በሒሳብ እንጀምር። ከባድ አይደለም፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሚሠራው ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ በሰከንድ 2400። ክፍሉ ውስጥ 40 ልጆች ካሉ፣ መምህሯ ምንም ነገር ሳትጽፍ፣ ስም ሳትጠራ፣ “ዝም በሉ!” ሳትል ጊዜውን ሁሉ ብታካፍላቸው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ ይደርሰዋል። 60 ልጆች ካሉ 40 ሰከንድ። 80 ካሉ ደግሞ 30 ሰከንድ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ደብተሩን ከቦርሳው አውጥቶ ገጹን እስኪገልጥ 30 ሰከንዷ ታልቃለች።

ሒሳቡን ወደ መምህሩ ቤት እንውሰደው። አንድ የሒሳብ መምህር አራት ክፍል ያስተምራል እንበል። እያንዳንዱ ክፍል 60 ተማሪ ካለው 240 ደብተር ማረም አለበት ማለት ነው። ለአንዱ ደብተር ሁለት ደቂቃ ቢሰጠው 480 ደቂቃ፣ ማለትም ስምንት ሰዓት ሙሉ። የአንድ ቀን የቤት ሥራ ለማረም አንድ ሙሉ የሥራ ቀን! ስለዚህ መምህሩ ምን ያደርጋል? ሁላችንም የምናውቃትን ፊርማ ይፈርማል። መልሱ ትክክል ይሁን ስህተት ሳያይ፣ ገጹ ግርጌ ላይ “አይቻለሁ” የምትል ፊርማ። ክፍሉ 40 ቢሆን 160 ደብተር ነው፤ አምስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ። አሁንም ብዙ ነው፤ ግን በሳምንት አንዴ ከልብ ከተሞከረ የሚቻል ነገር ይሆናል።

“ተከታታይ ምዘና” የሚባለውንም አስቡት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ልጁ በአንድ ፈተና ብቻ አይመዘን፣ በየጊዜው ይታይ ነው የሚለው። ነገር ግን 60 ልጅ በየጊዜው ማን ያያል? እናም የቡድን ሥራ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ፦ አንዷ ትሠራለች፣ ስድስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ለሰባቱም እኩል ማርክ ሮስተር ላይ ይሰፍራል። የጎበዟ ጉብዝናም የሰነፉ ስንፍናም እዚያው ተሸፋፍኖ ያልፋል።

ይህን ሁሉ የምንለው መምህራንን ለመውቀስ አይደለም። ስለ ትምህርት ጥራት ስናወራ ሁልጊዜ ሥርዓተ ትምህርቱን፣ መጽሐፉን፣ ቋንቋውን፣ ፈተናውን እናነሳለን፤ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ ግን ይረሳል። ሲነሳም “አቅም የለም” በምትል አንዲት ቃል ይዘጋል። እኛ ዛሬ ማለት የምንፈልገው ይህ ነው፦ በአቃቂ ቃሊቲ የክፍል መጨናነቅ የሚወሰነው ትምህርት ቤት ውስጥ አይደለም። የሚወሰነው ቤት በሚታደልበት ቢሮ ነው። መፍትሔውም መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

ልጅ በአይሱዙ ይመጣል

አቃቂ ቃሊቲን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አይኖርም። የማያውቀው ቢኖር እንኳ ወደ ደብረ ዘይት ወይም ወደ ናዝሬት ሲሄድ በመስኮት አይቶታል። የድሮው የጅቡቲ ባቡር መስመር የሚያልፍበት፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ መለዋወጫው፣ ዱቄት ፋብሪካው ተደርድሮ የኖረበት የሠራተኛ ሰፈር ነው። የከተማው ደቡባዊ በር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ሲካሄድ ክፍለ ከተማው ውስጥ የተቆጠረው ሰው ወደ 180 ሺህ ገደማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ? ገላን ኮንዶሚኒየም መጣ። ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም መጣ። በዚያው በቂሊንጦ በኩል በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም መጣ። መስከረም 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ ቃሊቲ ድረስ መሥራት ጀመረ፤ “ቃሊቲ ሩቅ ነው” የሚለው ሰበብም በግማሽ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ከዚያ ከተነሱት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ሀገር አቀፍ ቆጠራ ግን አልተካሄደም። በ2010 ዓ.ም. ይደረጋል የተባለው ቆጠራ ተራዘመ፤ ከዚያም እንደገና ተራዘመ። ስለዚህ ወደ ክፍለ ከተማው የመጣውን ሰው የምናውቀው በግምት ነው። የመጣውን ልጅማ ማን ቆጥሮት!

ሰው ቤት ሲደርሰው ብቻውን አይመጣም። አይሱዙው ላይ ሶፋውና ቁም ሳጥኑ ሲጫን ልጆቹ ከሾፌሩ ጎን ተደራርበው ይቀመጣሉ። ወላጅ ቁልፉን ተቀብሎ፣ ውሃው እስኪገባ ጀሪካን ተሸክሞ፣ መብራቱ እስኪቀጠል ሻማ አብርቶ ይኖራል። ለውሃው መጠበቅ ይቻላል። መስከረም ግን አትጠብቅም። መስከረም ሲጠባ ልጁ የግድ የሆነ ክፍል ውስጥ መግባት አለበት። የሚገባው ደግሞ ቀድሞ ለሌላ ሰፈር ልጆች በተሠራ ክፍል ውስጥ ነው። ርእሰ መምህሩ “ሞልቷል” ማለት አይችልም፤ ማለትም የለበትም። ለሦስት ልጅ የተሠራው ዴስክ ላይ አራተኛው ይቀመጣል፤ ቀጥሎ አምስተኛው። ነገሩ በዚህ ያልቃል። ማንም ስብሰባ አልተቀመጠም፣ ማንም “የክፍል ተማሪ ቁጥር ይጨመር” ብሎ አልወሰነም፤ ግን ተጨመረ።

ከዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረውን የተማሪዎች ምገባ ጨምሩበት። እኛ ለዚህ ነገር ቆመን እናጨበጭባለን። በባዶ ሆዱ ክፍል ውስጥ ወድቆ የሚነሳ ልጅ የነበረባት ከተማ ናት። ምገባው ልጁን ትምህርት ቤት አመጣው፣ መጥቶም እንዲቆይ አደረገው። ጥሩ ነው። ለመጣው ልጅ ግን ሳህን እንደተዘጋጀለት ሁሉ ወንበርም ሊዘጋጅለት ይገባ ነበር።

ከበሩ መከፈት ማግስት

ለፍትሕ ስንል አንድ ነገር እንናገር። የተጨናነቀው ክፍል የመጥፎ ሥራ ልጅ አይደለም። የመልካም ሥራ ልጅ ነው፤ አሳዳጊ ያጣ የመልካም ሥራ ልጅ። በ1987 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበሩት ልጆች ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። በ20 ዓመት ውስጥ ስድስት እጥፍ! የገበሬው ልጅ፣ የእረኛው ልጅ፣ ሴቷ ልጅ ከበር ውጭ የቀረችበት ዘመን በብዙ ቦታ አለፈ። ይህንን የሚያጣጥል ሰው ቢኖር አብረነው አንቆምም።

ነገር ግን በር መክፈት አንድ ነገር ነው፤ ለገባው እንግዳ መቀመጫ መስጠት ሌላ ነው። መንግሥት ራሱ ያወጣው መለኪያ ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ይላል። ቁጥሩን ከውጭ የመጣ ፈረንጅ አልጫነብንም፤ የራሳችን ነው። ውጤቱስ? በ2002 ዓ.ም. በየክልሉ የንባብ ችሎታ ሲለካ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አንዲት ቃል!

እነዚያ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አሁን የት ናቸው? ከተመላላሹና ካቋረጠው የተረፉት 12ኛ ክፍልን የተፈተኑት ከ2012 ዓ.ም. በኋላ ነው። የእነሱና የታናናሾቻቸው ትውልድ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስዶ ኩረጃው ሲቀንስ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4። ያኔ ሀገሩ ሁሉ ደነገጠ። አንዳንዱ ፈታኙን ወቀሰ፣ አንዳንዱ ተማሪውን፣ አንዳንዱ ቲክቶክን። 12ኛ ክፍል ላይ የወደቀው ልጅ ግን የወደቀው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። አንደኛ ክፍል ላይ፣ አራት ሆነው በተቀመጡበት ዴስክ ጥግ፣ ማንም ሳያየው ነው የወደቀው። ዜናው 11 ዓመት ዘግይቶ ደረሰን።

“እኛም ሰማንያ ሆነን ነው የተማርነው”

ይህን ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የሚመጣ መልስ አለ። “ኧረ ተዉን! እኛ ሰማንያ ሆነን በአንድ ክፍል ተምረን ዶክተር የሆነ ሆኗል፣ ኢንጂነር የሆነ ሆኗል። ጎበዝ ተማሪ የትም ይማራል።”

እውነት ነው፣ ሆናችኋል፤ እናከብራችኋለን። ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ፦ ከሰማንያው ስንቱ ሆነ? “እኔ ሆኛለሁ” የሚለን የሆነው ሰው ነው። ያልሆነው፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ የወጣው፣ ስለ ክፍሉ ስፋት የሚጠይቀው ጋዜጠኛም ወዳጅም የለውም። ከጦርነት የተመለሱትን ብቻ ጠይቆ “ጦርነቱ ሰው አይገድልም” እንደማለት ነው። በዚያ ላይ በያኔው ሰማንያ ተማሪ ክፍል ውስጥ የገቡት ልጆች ቀድሞውኑ የተመረጡ ነበሩ፤ የየመንደሩ ብዙ ልጅ ደጅ ቀርቶ ነበር። ዛሬ የሚገባው ሁሉም ልጅ ነው። ቤቱ የሚያስጠናው ያለውም፣ የሌለውም።

ደግሞ አንድ ትዝብት። “ጎበዝ የትም ይማራል” የሚሉን ብዙዎቹ የራሳቸውን ልጅ የት ነው የሚያስተምሩት? የግል ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ማስታወቂያ ሲያስነግሩ ከዘመናዊ ቤተ ሙከራና ከሰርቪስ ቀጥሎ የሚጠሩት ነገር ምንድነው? “በአንድ ክፍል ውስን ተማሪ!” ክፍያ የሚከፈልበት ነገር ዋጋ ስላለው ነው። ጥቂት ልጆች ያሉበት ክፍል ለሀብታም ልጅ ጥቅም ካለው ለጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛዋ ልጅ ጥቅም የሌለው በምን ተአምር ነው? እንዲያውም ይብስባታል። የሀብታሙ ልጅ ክፍል ውስጥ ያልገባውን አስጠኚ ቤቱ መጥቶ ያስረዳዋል። የሠራተኛዋ ልጅ ያላት ያቺ 40 ሰከንድ ብቻ ናት።

ሌሎች ሀገሮች ሞክረውታል

ይህን ነገር በእምነት ብቻ አንከራከር። የተሞከረባቸው ሀገሮች አሉ።

በጣም የታወቀው ሙከራ የአሜሪካኗ የቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመረችው ነው። በ79 ትምህርት ቤቶች ከሙአለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችና መምህራኖቻቸው በዕጣ ተመደቡ፤ አንዳንዱ ከ13 እስከ 17 ልጅ ወዳለበት ክፍል፣ ሌላው ከ22 እስከ 25 ወዳለበት ክፍል። ዕጣው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ “ጎበዞቹን መርጣችሁ ነው” ማለት አይቻልም። በአራት ዓመት ውስጥ ከ11 ሺህ በላይ ልጆች ተሳተፉበት። በትንንሾቹ ክፍሎች የነበሩት በንባብም በሒሳብም በለጡ፤ ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ የድሆችና የጥቁሮች ልጆች ነበሩ። በትልቁ ክፍል ላይ ረዳት መምህር ብቻ መጨመር ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።

ቆይ፣ አትቸኩሉ። ሌላም ታሪክ አለ። ካሊፎርኒያ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. በ1996 በመላ ግዛቷ ከሙአለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ክፍሎች ከ20 ልጅ እንዳይበልጡ ብላ ዘመተች። በአንዴ፣ በሁሉም ቦታ። ክፍሎቹ ሲበዙ መምህር ጠፋ፤ ያልሠለጠነ ሰው ሁሉ ተቀጠረ። ጥሩዎቹ መምህራን ከድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶች እየለቀቁ የተሻለ ሰፈር በተከፈተው አዲስ ቦታ ገቡ። ብዙ ገንዘብ ወጣ፤ ውጤቱ ግን እንደ ቴነሲው ጥርት ብሎ ሊታይ አልቻለም።

ለእኛ የሚቀርበን የጎረቤታችን የኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በምዕራብ ኬንያ በ140 ትምህርት ቤቶች ለአንደኛ ክፍል አንድ ተጨማሪ መምህር ተቀጠረና ከ80 በላይ የነበረው ክፍል ወደ ግማሽ ግድም ወረደ። ምን ተገኘ? ከነባሩ የመንግሥት መምህር ጋር የቀሩት ልጆች ክፍላቸው በግማሽ ቢቀንስም ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም፤ መምህሩ ሥራው ሲቀልለት ከክፍል መቅረት አበዛ። በኮንትራት ከተቀጠሩት አዳዲስ መምህራን ጋር የተማሩት ግን ተሻሻሉ። የወላጅ ኮሚቴው መምህራኑን እንዴት መከታተል እንዳለበት በሠለጠነባቸው ትምህርት ቤቶችም ነገሩ የተሻለ ሆነ። ልጆቹ በችሎታቸው ተቀራርበው በተከፈሉበት ቦታ ደግሞ ደካሞቹም ጎበዞቹም አብረው አደጉ።

ከሦስቱ የምንማረው አንድ ነው። ቁጥር መቀነስ ይሠራል፤ ግን ብቻውን አይሠራም፣ በአንዴ በሁሉም ቦታ ሲሞከርም ይበተናል። ከታች ክፍሎች ሲጀምር፣ የሠለጠነ መምህር ሲኖረውና ወላጅ ሲከታተለው ግን ይሠራል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ መሆኑም ያስገርማል። የኔታን አስታውሱ። በቄስ ትምህርት ቤት 50 ልጅ ቢሰበሰብ እንኳ የኔታ ለ50ው በአንድ ድምፅ ትምህርት ሰጥተው አይበትኑም። እያንዳንዱ ልጅ ተራውን እየጠበቀ ፊታቸው ቀርቦ ያነባል፤ ሳይለይ ወደሚቀጥለው አያልፍም። የቀደመው ተማሪ የተከተለውን ያስቆጥራል። ዱላው ይቅርብን፤ አንድ አንድ ልጅን ማድመጡ ግን ባይቀርብን ጥሩ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ጥቁር ሰሌዳውን ይዞ መጣ፤ አንድ ለአንድ ማድመጡን ጥሎት ቀረ።

በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃው የተተከለውን ፕላዝማ የሚያስታውስ ደግሞ ይህንን በደንብ ይረዳዋል። “መምህር ካነሰ አንድ መምህር በሳተላይት ለመላው ሀገር ያስተምር” ተባለ። የዓለማችን ትልቁ ክፍል ማለት ያ ነበር! ፕላዝማው ፈጥኖ ይናገራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ይሰናበታል። ልጁ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

“አቅም የለም” ለሚለው ሰው ሌላ አጭር ሒሳብ እንሥራለት። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ የሚያስተምር፣ 1920 ተማሪ ያለው አንድ ትምህርት ቤት እንውሰድ፤ በየክፍል ደረጃው 240 ልጅ። በአንድ ክፍል 60 ከተቀመጡ 32 ክፍል ያስፈልገዋል። ሁሉንም ወደ 40 እናውርድ ብንል 48 ክፍል፤ ማለትም 16 አዲስ ክፍል። ከባድ ነው፣ እንስማማለን። ነገር ግን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያሉትን 720 ልጆች ብቻ ወደ 40 ብናወርድ 12 የነበረው ክፍል 18 ይሆናል። ስድስት ክፍልና፣ አንድ መምህር አንድ ክፍል ቢይዝ ስድስት መምህር። ይህ ሕልም አይደለም። አንድ ወረዳ በአንድ በጀት ዓመት ሊሠራው የሚችል ነገር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳባችን ይህ ነው፦ ከታች ይጀመር። ማንበብ የሚለመደው እዚያ ነው። ማንበብ የቻለ ልጅ አምስተኛ ክፍል ላይ 60 ሆኖ ቢቀመጥ እንኳ መጽሐፉን ይዞ ራሱን ያድናል። ማንበብ ያልቻለውን ግን 20 ልጅ ያለበት የአሥረኛ ክፍልም አያድነውም።

ሁለተኛው፣ ከቁልፉ በፊት ወንበሩ ይቅደም። የቤቶች ፕሮጀክት ሲታቀድ ስንት ስቱዲዮ፣ ስንት ባለ አንድ መኝታ፣ ስንት ባለ ሁለት መኝታ እንዳለ ቀድሞ ይታወቃል። ባለ ሁለት መኝታ ማለት ልጅ ያለው ቤተሰብ ማለት ነው፤ ይህን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ዕጣ ሲወጣ ወይም ነዋሪ ሲዛወር እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመታወቂያው ጋር ስንት ልጅ፣ ስንተኛ ክፍል የሚለውን ይሙላ። ዝርዝሩ ከቤቶች ቢሮ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ከመስከረም በፊት ይሂድ። ለልጆቹ የሚበቃ ክፍል ካልተሠራ ቤቱ “ተጠናቋል” አይባል። በርና መስኮት የሌለውን ቤት ተጠናቋል አንለውም፤ ትምህርት ቤት የሌለውን ሰፈርም ልንለው አይገባም።

ሦስተኛው፣ ቁጥሩ ይለጠፍ። አማካዩ አይደለም! አማካይ ብዙ ነገር ይደብቃል። በአንዱ ክፍል 35፣ በሌላው 75 ቢሆን አማካዩ 55 ነው፤ 75 ሆነው የተቀመጡት ልጆች ግን 55ቱን አያውቁትም። “የተማሪ መምህር ጥምርታ” የሚባለውም እንዲሁ ያታልላል፤ የመምህራኑ ቁጥር ጥሩ ሆኖ መማሪያ ክፍሉ ካነሰ ልጁ ያው ተጨናንቆ ነው የሚማረው። እኛ የምንጠይቀው ቀላል ነው። በየትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ወረቀት፦ 1ኛ “ሀ” ይህን ያህል፣ 1ኛ “ለ” ይህን ያህል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱ ወረቀቱን ይዞ ወረዳውን ይጠይቅ። መዋጮ ሲጠየቅ ወላጅ እንደሚጠራ ሁሉ ቁጥር ሲነገርም ይጠራ።

አራተኛው፣ ቁጥር ለመቀነስ ሲባል የልጁ ሰዓት አይሸጥ። ፈረቃን እናውቀዋለን፤ ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው። ወረቀት ላይ ክፍሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ የልጁ የመማሪያ ቀንም አብሮ በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ልጅ አንድ እንጀራ ከመሻማት ይልቅ ግማሽ ግማሹን በፈረቃ ቢበሉት እንጀራው አልበዛም። ፈረቃ ክፍል እስኪሠራ የሚያሻግር ድልድይ ቢሆን አንቃወምም። በድልድይ ላይ ግን ቤት አይሠራም።

አምስተኛው፣ ክፍሉ እስኪሠራ ድረስ እንኳ የሚደረግ ነገር አለ። በቀን አንድ ሰዓት፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያሉ ልጆች በዕድሜና በክፍል ሳይሆን በንባብ ችሎታቸው ይመደቡ፤ ፊደል ያልለየው ከፊደል፣ ቃል ያነበበው ከዓረፍተ ነገር ይጀምር። ፕራታም የተባለው የህንድ ድርጅት ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ፣ በተደጋጋሚ ተፈትኖም ውጤት ያሳየ ዘዴ ነው። ሲሚንቶ አይፈልግም። አሸዋ አይፈልግም።

ገንዘቡስ? ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. “ትምህርት ለትውልድ” ብሎ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያሻሽል ንቅናቄ ጀምሮ ነበር። መልካም ነው። እኛ የምንለው፣ እንዲህ ያለ መዋጮ ሲሰበሰብ በመጀመሪያ ወደ በር ቀለምና ወደ አጥር አይሂድ፤ ወደ አንደኛ ክፍል ይሂድ። አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ ከሌላው የተለየ ዕድል አለው። ፋብሪካ ሞልቶታል። ብረት የሚያቀልጥ፣ ቆርቆሮ የሚያመርት፣ ዴስክ መበየድ የሚችል እጅ በየሰፈሩ አለ። የእነዚህ ፋብሪካዎች የወደፊት ሠራተኛ ዛሬ አራት ሆኖ ዴስክ ላይ የተቀመጠው ልጅ ነው። የማሽን መመሪያ ማንበብ የሚችል ሠራተኛ ከፈለጉ ዛሬ ቢያግዙት ለራሳቸው ነው።

ሌላም የማንረሳው ነገር አለ፤ መምህሩ። ስድስት ክፍል በስድስት ወር ይሠራል፤ ስድስት ጥሩ መምህር በስድስት ወር አይሠራም። የካሊፎርኒያን ስህተት መድገም የለብንም። ከመምህራን ኮሌጅ የወጡት ጎበዞች ሁልጊዜ የላይኛውን ክፍል ይመኛሉ፤ አንደኛ ክፍል ማስተማር እንደ ቅጣት ይታያል። ይህ መገልበጥ አለበት። የትምህርት ቤቱ ጎበዝ መምህር አንደኛ ክፍልን ይያዝ፤ ስለያዘም ይጨመርለት፣ ይከበርበት። የቤት ኪራይ ከከተማው እያባረረው በየቀኑ በሁለት ታክሲ የሚመጣ መምህር የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ደክሞት ነው የሚደርሰው። አዲስ ሰፈር ሲሠራ ለዚያ ሰፈር ልጆች መምህራን ጥቂት ቤት ማስቀመጥ ለምን ከባድ ይሆናል?

ወዳጆቻችን፣ ብዙዎቻችሁ ገና ልጅ የላችሁም። ኮንዶሚኒየም ግን ተመዝግባችኋል፤ ወይም እናታችሁ ተመዝግባለች። በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ እስካሁን የሚቆጥብ ሰው በየቤታችን አለ። ዕጣ የወጣላችሁ ቀን፣ እልልታው ካለፈ በኋላ፣ “ስንተኛ ፎቅ ነው?” “ሊፍት አለው?” “ታክሲ በቅርብ ይገኛል?” ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ “እዚህ ሰፈር የአንደኛ ክፍል ‘ሀ’ ስንት ልጅ አለው?” የሚመልስላችሁ ሰው ከሌለ፣ የሚመልስ ሰው እስኪገኝ ደጋግማችሁ ጠይቁ። ቤት የሚያድለው ቢሮም ይህን ጥያቄ የሚለምደው ቁልፍ ተቀባዩ ሁሉ ሲጠይቀው ነው።

ቸር እንሰንብት።